አንዲት የተነቀለች አምፖል

ዓርብ ጠዋት የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሀብተ ጊዮርጊስ ቁርሱን በልቶ እጁን እየታጠበ ነበር። በሩን ሲከፍተው ፈይሰል ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሀብተ ጊዮርጊስ ደህና አደርክ ሳይል፣ ቤተሰብ ደህና ነው ብሎ ሳይጠይቅ፣ «መኪናዋ ናት?» የሚለው ከአፉ አመለጠው።

«እንዴት አወቁ ቲቸር?» አለ ፈይሰል።

«ፊትህ ያስታውቃል። መንገድ ላይ ያደርክ ትመስላለህ» አለና ወደ ውስጥ አስገባው።

ፈይሰል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነገሩን ተናገረ። ትናንት ሳፋና ጀሪካኑን ጭኖ ገደብ ገበያ ውሎ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ፈይዛም እዚያ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ አብረውት ሄደዋል። ሲመለሱ ይርጋጨፌን አልፈው ጥቂት እንደ ተጓዙ መሸባቸው። መብራቱን ሲያበራው ከመጀመሪያው ደብዘዝ ያለ ነበር፤ እየቆየ እንደ ጧፍ ሆነ። ጪጩ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ መታጠፊያው ላይ፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። መብራት የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ጠቋሚ የለ።

«‹ውረጂ እማ፣ ከኋላ መጥቶ የሚገጨን እንዳይኖር› ያልኳት እኔ ነኝ። ወርዳ ዳር ቆመች። ቡና የጫነ መኪና መጣ። እኛን ያየን አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው። ጡሩምባውን ሲለቀው ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ቦዩን አላየችውም። ድንጋይ ላይ ነው የወደቀችው።»

ሀብተ ጊዮርጊስ የበረንዳውን ቋሚ ያዘ። «እና?»

«ግራ እጇ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል አድረን ጀሶ አደረጉላት። አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው አካሏ ደህና ነው። ጭነቱ መኪና እኮ የጎን መስታወታችንን ገንጥሎ ነው ያለፈው። አላህ ነው ያወጣን።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ዲላ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የመኪና ጥገና ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከተማው «ቲቸር» ማለቱን አልተወም። ፈይሰልም ተማሪው ነበር። አንድ ዓመት እንደ ተማረ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ ገበያ መሀል ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ተረከበ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመምህሩን አሮጌ መኪና ሊገዛ ሲመጣ፣ ዘመዶቹ አንድ መካኒክ ይዘህ ሂድ ብለውት ነበር። እሱ ግን ሳቀባቸው። «ከቲቸር በላይ መካኒክ የት አለ?» ብሎ ለብቻው መጣ። ይህንንም በኩራት ለራሱ ለሀብተ ጊዮርጊስ ነገረው።

ፈይሰል የማያውቀው ነገር አንድ ነበር። ሽያጩ ሊፈጸም ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀምራ ነበር። ጠዋት ሲነሳም ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ ይጮሃል። ሀብተ ጊዮርጊስ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። የዚያች መኪና ዲናሞ ከሞተሩ ጀርባ፣ ታች፣ ግድግዳው ሥር የተቀበረ ነው፤ ከላይ እጅ አያስገባ፣ ከሥር ዓይን አያሳይ። ቁልፉን በስንት መከራ አስገብቶ የቺንጋውን ማጥበቂያ ብሎን ቢሞክረው ዝጎ አልነቃነቅ አለው። የጣቱን ቆዳ ላጠው። በዚያ ላይ የእጁ አንጓዎች በዕድሜ ያብጡበታል። ነገ አደርገዋለሁ ብሎ ኮፈኑን ዘጋው። ነገ ግን አላደረገውም።

የሽያጩ ቀን ጠዋት፣ ልጁ ከመድረሱ በፊት፣ እጁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰደደና ከጥፍር የማትበልጠውን አምፖል ነቀላት። ልጁ ገና ሲገባ ቀይ መብራት አይቶ እንዳይደነግጥ ነው፤ ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ እነግረዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ ፈይሰል መጣ፤ መሪውን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰው። ወይዘሮ ፈይዛ በስልክ መረቁት። ምስክሮች ፈረሙ። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚናገርበት ክፍተት እየፈለገ ልጁ መኪናዋን ይዞ ወጣ። አምፖሏን ብሎን በሚያስቀምጥበት የወተት ጣሳ ውስጥ ጣላት። ማታ ማታ ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ ይል ነበር። ይህን ሲል ሃያ ሁለት ቀን ሆነው።

«ከጪጩ በገመድ ጎትተን እናመጣታለን» አለ ፈይሰል ከተቀመጠበት እየተነሳ። «ጋራዥ ላስገባት ነው። እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው የመጣሁት፤ ምኗ ይመስልዎታል?»

«ዲናሞው ነው» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ ሳያስብ። «ጋራዥ እንዳትወስዳት። እዚሁ ግቢ ትግባ፤ እኔ አወርድልሃለሁ።»

«ቲቸር፣ ዲናሞው እኮ አስቸጋሪ ቦታ ነው አሉ...»

«እኔ አለሁ አልኩህ።»

የፈይሰል ዓይን እንባ አቀረረ። የመምህሩን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሲያመሰግን ሀብተ ጊዮርጊስ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ያለው ነገር ግማሹ ደግነት መሆኑን አላጣውም። ሌላውን ግማሽ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የጋራዥ ኤሌክትሪሺያን ከሁሉ በፊት ቁልፍ ከፍቶ የሚያየው ዳሽቦርዱን ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናዋ በገመድ እየተጎተተች ገባች። የሀብተ ጊዮርጊስ ሚስት ሙሉነሽ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ባትሪውን ፈትተው ቻርጅ ቤት ላኩት። የቀኙን ፊት ጎማ በክሪክ አንስተው አወለቁና ድንጋይ ደገፉላት። የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ ሲያነሱት ዲናሞው ከሞተሩ ጀርባ ሆኖ በጨለማ ውስጥ ጎኑ ብቻ ብቅ አለ።

«ይሄንን እዚህ ያስቀመጠ ሰው ጠላት ነበረው» አለ ፈይሰል ከሥር ተንጋሎ እየሳቀ።

ሀብተ ጊዮርጊስ አልሳቀም። ጆንያ አነጠፈና ከጎኑ ተጋደመ። የላይኛውን ብሎን በናፍጣ አርሰው የቁልፉን እጀታ በቱቦ ሲያስረዝሙት ለቀቀ። የታችኛው ነበር ጉዱ። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ከተፈታ በኋላ ረጅሙ ብሎን ሊወጣ ሲል ከሻሲው ጋር ይጋጫል። ለመውጣት የቀረው የሁለት ጣት ያህል ነው፤ ያቺ ግን አትገኝም። ሞተሩን በክሪክ ደግፈው የአንድ ወገን ማሰሪያውን ፈትተው ቀና ማድረግ ነበረባቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ በዳሰሳ ሲሠራ የእጁ ጀርባ ተቦጨቀ። ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሕመሙ ሲሰማው እንደ መቅለል አለው። እንዲያውም የበለጠ ቢያመው ደስ ባለው።

«ቲቸር» አለ ፈይሰል ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ። «ዲናሞ ሲበላሽ ቀይ መብራት ይበራል ይላሉ አይደል? ያስተማሩን ትዝ ይለኛል። ለእኔ እኮ አንድም ቀን አልበራም። ቢበራማ ገደብ ድረስ አልሄድም ነበር። እናቴንም አልጭናትም።»

ቁልፉ ከሀብተ ጊዮርጊስ እጅ አመለጠና ደረቱ ላይ ወደቀ።

«አሮጌ መኪና ናት» አለ።

«እውነትዎን ነው። ያለመታደል ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የፈይሰል ዘመድ በሳፋ የተሸፈነ ምግብ ይዛ መጣች፤ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ። ወይዘሮ ፈይዛ ናቸው የላኩት። «በአንድ እጄ ማብሰል አልቻልኩም፤ የጎረቤት ልጅ ነች የሠራችው፣ ለጣዕሙ ይቅርታ በሉልኝ። ቅዳሜውን ለእኛ ብለው እንዲህ የደከሙትን መምህር አላህ በልጅ በልጅ ልጅ ይካሳቸው» ብለዋል ብላ መልእክቱን ቃል በቃል አደረሰች። ፈይሰል እጁን በናፍጣና በሳሙና ታጥቦ በደንብ በላ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ ጎረሰ፤ ሁለቱንም በውሃ ነው ያወረዳቸው።

ሙሉነሽ ሳህኑን ስታነሳ አየችው። «አመመህ እንዴ?»

«ጎንበስ ብዬ ስለዋልኩ ነው።»

የዚያን ዕለት ብሎኑ ሳይወጣ ቀረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ ፈይሰል ቀድሞት ከመኪናዋ ሥር ነበር። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሞተሩን ሌላ ጣት ያህል ቀና አደረጉት፤ ብሎኑም ወጣ። ዲናሞው ግን የገባበት ቀዳዳ የለ ይመስል መውጫ አጣ። አዙረው፣ ገልብጠው፣ በጎማው በኩል አወረዱት። ፈይሰል እንደ ሙክት ታቅፎት ቆመና «ወጣ! ቲቸር፣ እጅዎ ይባረክ!» ብሎ ጮኸ።

ፈይሰል ያገለገለ ዲናሞ ከኸይረዲን ሱቅ ገዛ። ኸይረዲን ዲላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በመሸጥ ያረጀ፣ ዝምተኛ ነጋዴ ነው። ፈይሰል ተመልሶ ዲናሞውን ሲያሳይ «በራሴ እጅ ሞክሬዋለሁ አለኝ» አለ። ማስገባቱ ከማውጣቱ ቀለለ። ቺንጋውን አጠበቁ፣ ሽቦውን አሰሩ፣ ቻርጅ ተደርጎ የመጣውን ባትሪ ገጠሙ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ቮልት። ዲናሞው እየሞላ ቢሆን አሥራ አራት አካባቢ ማለት ነበረበት። ጠበቀ። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።

«ጋዝ ስጣት» አለ። ያው ነው።

ያኔ ነበር የገባው። በዓይነ ኅሊናው ሰሌዳው መጣበት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በነጭ ጠመኔ የሳለው ሥዕል። ከባትሪው መስመር ይወጣል፣ በቁልፉ ያልፋል፣ ከዚያ በቀይዋ መብራት ውስጥ ያልፍና ዲናሞው ይገባል። ዲናሞ እንዲህ ባለች አሮጌ መኪና ላይ የመጀመሪያዋን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያች አምፖል በኩል ነው። ያቺን ካላገኘ ቢዞርም አይሞላም፤ አልፎ አልፎ ሞተሩ በኃይል ሲጮህ ብቻ ሊነቃ ይችላል። ለተማሪዎቹ «መብራቷ ለጌጥ አይደለችም፤ በር ናት» ይላቸው ነበር። ስንቱን ፈተና በዚህች ጥያቄ ጥሏል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቴ አለመናገሬ ነው ሲል ነበር። መኪናዋ አርጅታ ነው የቆመችው፣ እኔ ያጠፋሁት መደበቄን ነው ሲል ነበር። አሁን ግን መኪናዋን እዚያ መታጠፊያ ላይ ያቆማት የገዛ እጁ መሆኑን አየ።

«ሞቷል ማለት ነው?» አለ ፈይሰል ቴስተሩን አጎንብሶ እያየ። «ቲቸር? ይሄም አይሞላም አይደል?»

«አይሞላም» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«የሞተ ዕቃ ነው የሰጠኝ! እናቴ እጇ ተሰብሮ ተኝታ እያወቀ!» ፈይሰል ሞተሩን አጠፋና እጁን ሳይታጠብ ወደ በሩ ተጣደፈ።

«ቆይ፣ ፈይሰል...» አለ፤ የሰማው ግን ራሱ ብቻ ነበር። የቆርቆሮው በር ተወርውሮ ተዘጋ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ግቢው መሀል ብቻውን ቀረ። ቆይቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ገለበጠ። አምፖሏ ከብሎኖቹ መሀል ተንከባለለች። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ እጁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰደደና ወደ ቦታዋ መለሳት። ቁልፉን ሲከፍት ቀይዋ ምልክት በራች። ሞተሩን ሲያስነሳ ጠፋች። ወርዶ ቴስተሩን አየ፤ አሥራ አራት ነጥብ አንድ። ሁለት ቀን የደከሙበት ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ። መንገዱ ቁልጭ ብሎ ታየው። ልጁ ሲመለስ «አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር፣ አገኘሁት» ይለዋል። ልጁ ያምነዋል። ያመሰግነዋል። ሁሉም ያበቃል።

«አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር» አለ ጮክ ብሎ፣ ለመሞከር።

«ምን አልክ?» አለች ሙሉነሽ ከበረንዳው። «ሠራች እንዴ?»

«ሠራች።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ሆንክ? ደስ አይልህም?»

ከመኪናዋ አልወረደም። ስልኩን አውጥቶ የፈይሰልን ቁጥር ሁለት ጊዜ አየው፤ ሁለት ጊዜ መልሶ ኪሱ ከተተው። ፈይሰል አሁን ኸይረዲን ሱቅ ደርሷል። ከደወለ መናገር አለበት። ካልደወለ አንድ ሰው በከንቱ ይዋረዳል። ይህን እያወቀ ነው የተቀመጠው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በር ላይ ባጃጅ ቆመች። መጀመሪያ የወረደው ኸይረዲን ነበር። ሌላ ዲናሞ ታቅፏል። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተበጥሶ ኮሌታው ተንጋዷል። ፈይሰል ከኋላው ገባ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል።

«መምህር» አለ ኸይረዲን ዲናሞውን ጎማው ላይ አስቀምጦ። «እኔ ሳልሞክር ዕቃ ሸጬ አላውቅም። ይሄንንም ሞክሬው ነበር። ግን እርስዎ አይሞላም ካሉ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ይሄኛው ከሱቁ ሁሉ የተሻለው ነው፤ በነፃ ውሰዱት። ልጁ ገበያተኛ ፊት ሌባ አለኝ፤ ኮሌታዬን ያዘኝ። አልቀየምኩትም። እናቱ ላይ የደረሰው ያናድዳል። ብቻ እርስዎ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ከመኪናዋ ወረደ።

«ኸይረዲን፣ የሰጠኸው ዲናሞ ጤነኛ ነው።»

«እንዴት?»

«ጤነኛ ነው። አስነስቼ አይቼዋለሁ፤ ይሞላል። ፈይሰል፣ ግባና ቁልፉን ክፈት። ዳሽቦርዱን እይ።»

ፈይሰል ገብቶ ቁልፉን ከፈተ። ቀዩ መብራት ፊቱ ላይ በራ።

«ይሄ ከየት መጣ? ለእኔ በርቶልኝ አያውቅም።»

«እኔ ነቅዬው ነበር።»

በጎረቤት ግቢ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ይሰማ ነበር።

«መቼ?» አለ ፈይሰል።

«የሸጥኩልህ ቀን ጠዋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር። ዲናሞው ያለበት ቦታ አስቸግሮኝ ተውኩት። አንተ ስትመጣ እንዳታየው አምፖሏን አወጣኋት። እሷ ከሌለች ደግሞ ዲናሞው አይሞላም። አስተምሬሃለሁ፤ እኔው ራሴ ረሳሁት፤ ወይ ላስታውሰው አልፈለግኩም። ጪጩ ላይ መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። የእናትህን እጅም የሰበርኩት እኔው ነኝ። ኸይረዲንን ልትይዝ ስትወጣ ደግሞ አውቄው ነበር። አላስቆምኩህም።»

ፈይሰል መሪውን እንደያዘ ቀረ። ኸይረዲን ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ከመኪናዋ የወጣውን አሮጌ ዲናሞ አነሳ። በጣቱ አሽከረከረው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው። ኪሱ ውስጥ በነበረው ካቻቢቴ ኋላውን ከፍቶ ውስጡን አየ።

«ካርቦኑ ገና አላለቀም» አለ። «ይሄም ደህና ነበር። ምናልባት ቺንጋው ላልቶበት ይሆናል።»

ይህን ያለው ለመጉዳት አልነበረም፤ የሙያው ሰው ስለሆነ ያየውን ነው የተናገረው። ሀብተ ጊዮርጊስን ግን ከሁሉም በላይ ያደማው ይህ ነው። ግማሽ ዙር የማጥበቅ ሥራ ነበር።

ፈይሰል ከመኪናዋ ወረደ። ሀብተ ጊዮርጊስ ይጮህብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢጮህበት ይሻለው ነበር። ልጁ ግን ወደ ኸይረዲን ዞረና አጎንብሶ ጉልበቱን ያዘ። «ጋሽ ኸይረዲን፣ አውፍ ይበሉኝ። ገበያ መሀል አዋረድኩዎት።»

«ተነስ፣ ተነስ። አውፍ ብያለሁ» አለ ኸይረዲን። ከዚያ ሀብተ ጊዮርጊስን አየው። «እርስዎ ግን መምህር፣ ነገ ረፋድ ላይ ሱቄ ይምጡልኝ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት። እዚያ የነበሩት እርስዎን ያከብራሉ፤ ከእርስዎ አፍ ይስሙት። እኔ በሰላሳ ዓመት ንግዴ ሌባ ተብዬ አላውቅም።»

«እመጣለሁ።»

ፈይሰል ጎማውን ገጥሞ፣ ክሪኩን አውርዶ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ በረንዳው ላይ ደረደረ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሊያግዘው ሲጠጋ «ተዉት» አለው። ሞተሩን አስነስቶ ከመውጣቱ በፊት መስኮቱን አወረደ። «ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት። እኔ አፌ አይችልም። ሁለት ቀን ሙሉ ስትመርቅዎት ነው የዋለች።» ቲቸር አላለውም።

ሙሉነሽ ሁሉንም ከበረንዳው ሰምታ ነበር። ማታ ራት ስታቀርብለት «ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሰኞ ኸይረዲን ሱቅ ሄደ። ባጃጅ ነጂዎች፣ ዘይት ገዢዎች፣ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቹ ባሉበት ተናገረ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ግን ሳያሳጥር። አንደኛው ተማሪ አንገቱን ደፋ። ኸይረዲን «በቃ፣ ተሰማ» አለና ወንበር ሰጠው። አልተቀመጠም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ፈይዛ ቤት ሄደ።

ወይዘሮ ፈይዛ ፍራሽ ላይ ተደግፈው፣ ጀሶ የታሰረ እጃቸውን ትራስ ላይ አጋድመው ነበር። ሲያዩት ሊነሱ ሞከሩ። «መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ። እኔ ነበርኩ መምጣት የሚገባኝ።»

«እባክዎ አይነሱ ወይዘሮ ፈይዛ። የሚሉኝን ሁሉ የምቀበልበት ነገር ይዤ ነው የመጣሁት» አለና በሩ አጠገብ እንደ ቆመ ነገራቸው። ምንም አልሸሸገም፤ አምፖሏን፣ ጣሳውን፣ ሃያ ሁለቱን ቀን፣ ጋራዥ እንዳይሄድ ያደረገበትን ምክንያት።

ወይዘሮ ፈይዛ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ቦዩ ውስጥ ወድቄ ምን ስል እንደነበር ታውቃለህ?» አሉት። «እርስዎ» ማለታቸው ቀርቶ ነበር። «ልጄን ስረግም ነበር። ‹ምን መኪና አስፈለገህ፣ ገደልከኝ፣ አይቅናህ› እያልኩ። እሱ እያለቀሰ ይሸከመኛል፣ እኔ እረግመዋለሁ። እጄስ ይድናል። ያን ቃል ከልጄ ላይ ማን ያነሳልኛል?»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ዛሬ አልችልም። የማልችለውን አልልህም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። «የሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ። ፈይሰል በገበያ ቀን ሱቁን መዝጋት የለበትም። አንተ ትወስደኛለህ። በዚያችው መኪና። ፈርቻታለሁ፤ አንተ ነድተህ ፍርሃቴን አስለቅቀኝ።»

ወሰዳቸው። በየቀጠሮው ጠዋት ፈይሰል ቁልፉን በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥለታል፤ «ደህና አደሩ» ይለዋል፣ ሌላ የለም። ወይዘሮ ፈይዛ ከኋላ ይቀመጣሉ። በደህናው እጃቸው የበሩን መያዣ ጨብጠው አስፋልቱን እያዩ ይሄዳሉ። ከኋላ ጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል ይሰማዋል። ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ይይዛል፤ መኪናው ካለፈ በኋላም ወዲያው አይፈጥንም። በሁለተኛው ጉዞ ስለ ቡናው ዋጋ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ። እሱም መለሰላቸው።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጀሶው ተቆርጦ ወጣ። እጃቸው ቀጥኖ፣ ቆዳው ገርጥቶ ነበር። ሐኪሙ ጨብጡ አላቸው። ሦስት ጣት ተጨበጠ፤ ሁለቱ ቀረ። «በልምምድ ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ግን ይችላል» አለ ሐኪሙ። ሀብተ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።

ሲመለሱ ወይዘሮ ፈይዛ ገበያው ዳር አውርደኝ አሉት፤ ሽንኩርት ሊገዙ ነው። ዘምቢላቸውን ይዞ ተከተላቸው። ሽንኩርቱ ተመዘነ። በመሐረብ ቋጥረው የያዙትን ገንዘብ ሊፈቱ ጀመሩ፤ ቀኝ እጃቸው ቋጠሮውን ሲስብ ግራው አልይዝ እያለ ሸርተት ይላል። እንደገና ሞከሩ። ሻጯ ጠበቀች። ሀብተ ጊዮርጊስ ልርዳዎት ሊል አፉን ከፈተና ፊታቸውን አየ። ጥርሳቸውን ነክሰው በቋጠሮው ላይ ተጠምደዋል። አፉን ዘጋ። ዘምቢሉን እንደያዘ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ፈትተው እስኪጨርሱ ቆመላቸው።